በመዝገብ ላይ ስለወፈሩት የአምቦ ሕፃናት

ሀገረ ሕይወት (አምቦ)
የካቲት ፲፭ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ደግፌ ተሻለ
የጅባትና ሜጫ አውራጃ የምግብ ጥናት ባለሙያዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ይልቁንም ለጨጓራዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ጥር ሃያ ሦስት ቀን በፍል ውኃው አጠገብ ባለው አዳራሽ የማኅበርዎ ጠቅላላ ጉባኤ ከተደረገ ወዲህ፣ ያ ሁሉ ጥሬ ሥጋ በአንድ የተከበረ ሆድ ውስጥ እንዴት ተስማምቶ ሊያድር እንደቻለ ከተማው በሐሳብ ላይ ስለሆነ፣ ደህንነትዎን ቢያሰሙን ትልቅ ዕረፍት ይሆንልናል። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ታናሽ እህቴ ጌጤነሽ ግን ደህና አይደለችም፤ ወረቀት ያስያዘኝም ይኸው ነው።

ስሜ ወርቂቱ ነጋሳ ይባላል፤ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ ትምህርቴ ዘጠነኛ ክፍል ነው። በዚህ ዕድሜ ለትልቅ ሰው በአደባባይ መጻፍ ብልግና መሆኑን አባቴ ነግረውኛል፤ ብዕሩን ግን አልቀሙኝም። ደግሞም እርስዎ ራስዎ በጉባኤው ላይ «ወጣቱ ስለ ምግብ ሳይንስ ያለውን አስተያየት ያለ ፍርሃት ይግለጥ» ብለው በድምፅ ማጉያ ተናግረዋል። ድምፅ ማጉያው በጉደር መንገድ የሚያልፉትን አህዮች ሳይቀር ጆሮ ያስቆም ስለነበር፣ አሁን አልተናገርኩም ማለት ይቸግርዎታል። ስለዚህ ምስጋናዬንና በመካከሉ የገባውን ጥቂት ቅሬታ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዱቄቱ አመሰግናለሁ። በገበያው ዳር ባለችው ቆርቆሮ ቤት ሲስተር ሸዋገነት ከመስከረም ጀምሮ በየማክሰኞውና በየቅዳሜው የሽምብራ፣ የጤፍና የወተት ዱቄት ድብልቅ ለአሥራ አንድ የከሱ ሕፃናት ይሰጡ እንደነበር ያውቃሉ፤ የማኅበርዎ ስም ከቤቷ ግድግዳ በሚሰፋ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ተሰቅሎባት ነበርና። ከአሥራ አንዱ አንዷ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ የሆነችው እህቴ ጌጤነሽ ናት። ታናሿ ሲወለድ ጡት ተነጠቀች፤ ከዚያ ወዲያ ጠጉሯ እየሳሳ ቀላ፣ እግሯ አበጠ፣ መሳቅም ማልቀስም ተወች። በስምንት ሳምንት ዱቄት እብጠቱ ጎደለላትና በኅዳር መጀመሪያ እኔን መንከስ ጀመረች። ሲስተር ሸዋገነት ይህ ትልቅ የጤና ምልክት ነው ስላሉኝ ክንዴን ሳልሰስት ሰጠኋት።

ሁለተኛ፣ ዱቄቱ ለውጥ ማምጣቱን በሳይንስ ለማረጋገጥ ስላሳዩት ትጋት አመሰግናለሁ። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ሥዩም በገበያ መካከል ወንበር ላይ ቆመው፣ በሚመጣው ቅዳሜ አሥራ አንዱም ሕፃናት እንደሚመዘኑ፣ ልጇ የወፈረላት እናት እንደምትመሰገን፣ ልጇ ያልወፈረላት ግን «የማኅበሩን ዱቄት ያባከነች» ተብላ ስሟ ከነአባቷ ስም በዚያው በገበያ እንደሚነበብ አወጁ። ሕፃን የሚያሳድገው ምግብ ነው ተብለን የምንማር ተማሪዎች፣ ለካ እናትን በሕዝብ ፊት ማሳፈርም ከገንቢ ምግቦች እንደሚቆጠር ያን ቀን ተረዳን። እናቴ ከገበያው ስትመለስ የገዛችውን ጨው እዚያው ረስታው መጣች።

ሦስተኛ፣ ስለ ሞቱማ። ይህ ረዘም ይላልና ወንበርዎን ጠጋ ያድርጉ።

ሞቱማ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የኦቦ ሙለታ ልጅ ነው። ዕድሜው ሦስት ዓመት ሲሆን ጉንጩ ዓይኑን ሊሸፍነው ጥቂት ነው የቀረው። ከዱቄት ተቀባዮቹ ወገን አይደለም፤ የአባቱ ወፍጮ ይበቃዋል። እናቱ ወይዘሮ አመለሸጋ የሰው ዓይን እንዳይበላባቸው ስለሚሳሱ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ማንም በስሙ እንዲጠራው አይወዱም። አዋጁ ያስጨነቃቸው አሥራ አንዱ እናቶች ተሰብስበው ልጁን ለአንድ ቀን እንዲያውሷቸው ሲለምኗቸው ወይዘሮ አመለሸጋ ጥቂት አሰቡና፣ «በስሙማ አይሆንም፤ እንግዳ ሰው በስሙ ጠርቶ ካደነቀው ያልቅብኛል። በእናንተ ልጆች ስም ከሆነ ግን ውሰዱት፤ ዓይን የሚከተለው የተጠራውን ስም ነው» አሏቸው። ዓይኑ ወደ ልጄ ይዞርብኛል ብላ የሠጋች እናት አልነበረችም፤ በእነሱ ልጆች ላይ የሚበላ ነገር አልቀረምና።

ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን፣ ልጆቹን በመልክ የሚያውቁት ሲስተር ሸዋገነት ለክትባት ሥራ ወደ እንጭኒ ተልከው ነበር። እርስዎ ጥቁር መነጽርዎን አድርገው በጥላው ሥር ተቀምጠዋል። አቶ ሥዩም መዝገቡ ላይ አቀርቅረዋል። ሦስተኛው የማኅበሩ አባል ሚዛኑን እያነበቡ ይጠራሉ። ከቆዳ ነጋዴዎቹ ዳስ ጀርባ ደግሞ የልብስ መለወጫ ክፍላችን ተቋቁሟል። ሞቱማ አንዴ በባርኔጣ፣ አንዴ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ አንዴ የሰው ኮት ለብሶ፣ አሥራ አንድ ጊዜ በአሥራ አንድ ስም ሚዛን ላይ ወጣ። የጌጤነሽን ቀይ ሻሽ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። እናቴ «እሰሪለት» አለችኝ፤ አሰርኩለት፤ እውነቱን ልንገርዎትና እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

እያንዳንዷ እናት ለድካሙ ሙዝ ወይም ዳቦ ስታጎርሰው ስለዋለች፣ ጠዋት አሥራ አምስት ኪሎ የነበረው ልጅ ከምሳ በኋላ ግማሽ ኪሎ ጨመረ። በአሥረኛው ዙር ላይ በድንገት ሦስት መቶ ግራም ቀነሰ፤ ምክንያቱን ለመጻፍ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም፤ ከዳሱ ጀርባ ግን ማስረጃው ነበረ። በስምንተኛው ዙር ሚዛኑን ከመልመዱ የተነሣ ማንም ሳያነሣው በገዛ እግሩ ሲወጣ፣ እርስዎ «የአምቦ ልጅ ሚዛን አይፈራም» ብለው አጨበጨቡ። ሚዛን አንባቢው በእያንዳንዱ ልጅ ላይ «በግራ ቅንድብ ላይ ጠባሳ» እያሉ ሲጠሩ፣ አቶ ሥዩም አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ሳይሉ «ልዩ ምልክት» በሚለው ዓምድ ሥር አሥራ አንድ ጊዜ ጻፉት። የጽሕፈታቸውን ማማር ያየ ሰው ሁሉ ይመሰክርላቸዋል።

አራተኛውን ቁጥር አባቴ አንብበው ሰርዘውታል። የሚመለከተው የእርስዎን መነጽር ነበር።

አምስተኛ፣ ማኅበርዎ አባዝቶ ስላወጣው ሪፖርት አመሰግናለሁ። የሳይንስ መምህራችን አንድ ቅጂ ስለነበራቸው ክፍላችን በሙሉ አነበበው፤ ለሳቅ የተፈቀደልን ሰዓትም አልበቃንም። በሦስተኛው ገጽ ላይ «በከተማው ሕፃናት ክብደት ላይ የታየው ወጥነት እስከ ዛሬ በየትም አገር አልተመዘገበም» ይላል። በአራተኛው ገጽ ላይ ከሰዓት በኋላ የተመዘኑት ከጠዋቶቹ መክበዳቸው ታስቦበት፣ ምናልባት የአካባቢው የማዕድን ውኃ በፀሐይ ሰዓት ሰውነትን የመገንባት ኃይል ይኖረው ይሆናልና ወደፊት ይጠና ተብሏል። የግራ ቅንድብ ጠባሳውማ «ጥንታዊ የአካባቢው ልማድ» ተብሎ የራሱን አንቀጽ አግኝቷል። እዚህ ተወልደን ያደግን ሰዎች እርስ በርሳችን ግንባር ለግንባር ስንተያይ ዋልን። ሞቱማ ጠባሳውን ያገኘው ከወፍጮ ቤት ደረጃ ላይ ወድቆ ነው።

በአሥራ አንድ የአውራጃው ሕፃናት ላይ ሪፖርት የጻፈ ማኅበር፣ ያየው ሕፃን አንድ ብቻ መሆኑን፣ እሱም በመዝገቡ ላይ በስሙ የሌለው ብቸኛ ልጅ መሆኑን ሲያስቡት አያስቅም?

እኔም እስከ ስድስተኛው ድረስ ስቄ ነበር።

ስድስተኛ፣ አሥራ አንዱም ድነዋል ተብሎ ቆርቆሮ ቤቷ ኅዳር ሃያ ሰባት ቀን ተዘጋች። የቀረው አሥራ ዘጠኝ ከረጢት ዱቄት «ለወደፊት ጥናት» ተብሎ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ገባ፤ ቁልፉም ከሲስተር ሸዋገነት ላይ ተወሰደ። እሳቸው የያዙትን የእያንዳንዱን ልጅ ካርድ ይዘው ቢመጡ፣ ካርድ የአንድ ሰው ሥራ ነው፣ መዝገብ ግን የማኅበር ነው ተባሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የማኅበሩ አባላት ስለ ሐይቅ ዳር አመጋገብ ለማጥናት በፈረስ ወደ ወንጪ ወርደው፣ ጥናታቸውን ከነአጥንቱ ግጠው ተመለሱ። በዚያው ሰሞን የእህቴ እግር እንደገና ማበጥ ጀመረ።

እናቴ ጥፋቷን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። እኔም እንደዚሁ። ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ታዲያ ማን አታሉ አላችሁ?» እንደሚሉ ይታወቀኛል፤ ልክ ነዎት፣ አታልለናል። ነገር ግን አንዲት የተራበች ልጅ እናት ተሸማቅቃ ለአንድ ቀን ብታታልል፣ እርስዎ የማታለሏን ፍሬ ተቀብለው ሦስት ወር ሙሉ በድምፅ ማጉያ ሲያመሰግኑበት ከረሙ። እኛ ሚዛኑን አታለልን፤ መታለሉን የወደደው ማኅበሩ ነው።

ሰባተኛው የጉባኤው ቀን ነው። ይህን የምጽፈው አፌ እየመረረኝ ነው፤ ስለዚህ የጨዋነቴ ክር ከላላ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

ሲስተር ሸዋገነት «ልጅቷን ራሷን ውሰጂና አሳዪያቸው፤ ወረቀቴን ባያምኑ እግሯን ያምናሉ» ብለውኝ ጌጤነሽን በጀርባዬ አዝዬ ከአዳራሹ በር ቆምኩ። ከውስጥ የእርስዎ ንግግር ይሰማል፤ አርእስቱ «የባለሙያ ማኅበራት በምግብ ሳይንስ ያላቸው የወደፊት ድርሻ» የሚል ነበር። ዘበኛው ምሳ እስኪያልቅ አላስገባም አለኝ። በመስኮቱ በኩል እንዳየሁት፣ ስለ ተመጣጠነ ምግብ ሊመክሩ የመጡት ሰዎች እጃቸው እስከ ክርናቸው በሞራ ወዝቶ፣ አንዱ አፉን እንደከፈተ ወንበሩ ላይ ተኝቶ፣ ሁለቱ በአንድ ጮማ ላይ ቢላዋ ለቢላዋ ተያይዘው ነበር። ዝንቡ ማንን ከማን ሳይለይ ያርፋል። ጌጤነሽ የሥጋው ሽታ ሲደርሳት በጀርባዬ ላይ አስመለሳት፤ የወጣው ውኃ ብቻ ነበር።

አቶ ሥዩም ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ሲወጡ እህቴን አሳየኋቸውና ዱቄቷ እንዲመለስላት ለመንኩ። ስሟን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። መዝገቡን አስመጥተው በጣታቸው ወደ ታች ፈለጉና፣ «ጌጤነሽ ነጋሳ፣ አሥራ አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ በግራ ቅንድብ ላይ ጠባሳ» ብለው አነበቡ። ከዚያ የእህቴን ግንባር ወደ ብርሃኑ አዙረው ተመለከቱ። እኔ አሁን እውነቱ ታያቸው ብዬ ስጠብቅ፣ «ይቺ ጌጤነሽ አይደለችም» አሉኝ። «የሰው ልጅ ይዘሽ ማኅበሩን ለማታለል መጣሽ፤ ሂጂና እውነተኛዋን አምጪ።»

ያን ጊዜ እርስዎ ብቅ አሉ። የሞቱማን ነገር ከሥሩ ነገርኳችሁ፤ ሻሹን ያሰርኩት እኔ ነኝ ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩ። እርስዎም እጅዎን በፎጣ እየጠረጉ ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ሪፖርቱ እኮ ታትሟል፤ ወደ አዲስ አበባም ሄዷል። የታተመ ነገር አይነካም» አሉኝ። ከዚያ ርኅራኄዎ መጣብዎትና አስተናጋጁን ጠርተው በጋዜጣ የተጠቀለለ የጮማ ትራፊ ሰጡኝ። ውኃ የማይረጋላት ልጅ ናት፣ ክቡር ሆይ። ከበሩ ወጣ ብሎ አንድ ውሻ ነበረና ለእሱ ሰጠሁት፤ እሱም አሽትቶ ሄደ። ስለ ቸርነትዎ እኔም እሱም እናመሰግናለን።

አሁን ወደ ንግግርዎ ልመለስ። ተባዝቶ ስለታደለ ሃያ ሦስቱንም ገጽ አንብቤዋለሁ። «የወደፊት» የሚለው ቃል አርባ አንድ ጊዜ፣ «ማኅበር» ደግሞ ከስድሳ ጊዜ በላይ አለ። «ሕፃን» የሚለውን ሁለት ቦታ አገኘሁት፤ አንደኛው «ማኅበራችን ገና ሕፃን ነው» የሚል ነው። ስለ ወደፊቱም ብዙ ታስቧል፦ የራሱ ሕንፃ ይኖረዋል፣ አባላቱ በኮታቸው ላይ የሚያደርጉት የስንዴ ዛላ ምልክት ይሠራላቸዋል፣ በየዓመቱ መጽሔት ይወጣል፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ መልእክተኞች ይመረጣሉ። ሁሉም ያማረ ነው። ስንዴውን በኮት ላይ ከማየት የሚበልጥ ምን ደስታ አለ።

ነገር ግን አስተያየት ስጡ ተብለናልና የእኔንም ይስሙልኝ። እንደኔ እንደኔ የባለሙያ ማኅበር የወደፊት ድርሻው ከመዝገቡ ላይ ቀና ማለት ነው። ሲስተር ሸዋገነትን የመሰለ ሰው ብቻውን «ይህ ልክ አይደለም» ሲል፣ ከጀርባው ቆሞ «አዎን፣ ልክ አይደለም» የሚል ሌላ ባለሙያ እንዲኖር ነው ማኅበር የሚያስፈልገው፤ ብቻውን የቆመውን ቁልፍ ለመንጠቅማ አንድ ዘበኛ ይበቃል። ደግሞ የተሳሳተ ነገር ካተሙ፣ በታተመበት ቦታ ላይ ተሳስተናል ብለው እንዲያትሙ ነው። አንድ ተማሪ ሒሳብ ሲሳሳት ይሰርዛል፤ መምህራችን የሚገርፉት ስሕተቱን አይተን ዝም ስንል ነው። እናንተ ትልልቅ ሰዎች ስትሆኑ ላጲሱን ማን ወሰደባችሁ? የምግብ ሳይንስም ቢሆን፣ ምግቡ ወደ ልጁ አፍ ካልደረሰ፣ ስለ መጋዘን የሚያጠና ሳይንስ ነው የሚሆነው።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያለ እንዳይመስልዎ ጨምሬ ልንገርዎት። ትናንት ጌጤነሽን በቅቤ ነጋዴዎቹ ሚዛን አስመዝኛታለሁ፤ ሰባት ኪሎ ከአራት መቶ ናት፣ ከዚያም ላይ ጥቂቱ የእግሯ ውኃ ነው። አውራ ጣቴን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጭኜ ሳነሣው ጉድጓዱ እስከ መቶ ስቆጥር አይሞላም። ሲስተር ሸዋገነት ወር ላትሞላ ትችላለች ብለውናል። ሌሎቹም አሥሩ እንደዚያው ናቸው፤ ሁለቱ መቀመጥ ትተዋል።

ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ፣ የካቲት ሃያ አንድ ቀን፣ አሥራ አንዱም እናቶች የገዛ ልጆቻቸውን ይዘው በማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ይቆማሉ። ሚዛንዎን ይዘው ይውጡ። አቶ ሥዩምም መዝገባቸውን ይዘው ወንበራቸው ላይ ይውጡ፤ በኅዳር ያወጁት ንባብ እስከ ዛሬ ዕዳ ሆኖባቸዋል። መጀመሪያ የሚነበበው ስም የእናቴ እንዲሆን ራሷ ጠይቃለች። ለሦስት ወር ከሰው ዓይን ስትሸሽ የከረመችው እናቴ፣ ትናንት ከሚዛኑ ስንመለስ በመንገድ ላይ ቆም አለችና እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው አለችኝ፦ «ጥሩነሽ ጉዩ፣ ዱቄት ያባከነች፣ ልጅ ያከሳች ብለው ገበያው እስኪሰማ ያንብቡኝ። ሲጨርሱ መጋዘኑን ይክፈቱልኝ።»

ከእርስዎ በዕድሜ፣ በማዕረግና በወገብ ስፋት እጅግ የማንስ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ከደጃፍዎ የማልታጣ ታዛዥዎ፣

ወርቂቱ ነጋሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ በር ላይ የለጠፍኩት ከወፍጮ ቤት ወለል ላይ በጠረግኩት ዱቄት በሠራሁት ሙጫ ነው። ለመቅደድ ሲፍቁት ይጠንቀቁልኝ፤ ኅዳር ላይ ቆርቆሮ ቤቷ ከተዘጋች ወዲህ፣ በማኅበርዎ በር ላይ ለሕፃን ተብሎ የታየ ዱቄት እሱ ብቻ ነው።